ቀይ የማያይ ፊልም

ለትልቁ የእንጨት ካሜራዬ የሚሆነው ፊልም ጅቡቲ መግባት ያቆመው እኔ ሌላ ሙያ የምለምድበት ዕድሜ ካለፈ በኋላ ነው። ክሊኒክ የሚያገለግል አንድ ወዳጄ ጊዜው ያለፈበት የራጅ ፊልም አመጣልኝ።

«ሳንባ ያነሳ ፊት ያቅተዋል?» አለኝ እየሳቀ።

በመቀስ ለካሜራዬ ልክ ቆረጥኩት። ሠራልኝ።

ባልባላ ሰፈር ከቤቴ ጀርባ ያለችው ፊልም የማጥብባት ጨለማ ክፍሌ ቆርቆሮ ናት። በሯን ዘግቼ ስንጥቋን በጨርቅ ስወትፍ ከመቃብር አትሻልም። የቧንቧው ውሃ ትኩስ ስለሆነ በረዶ ካልጨመርኩበት ምስሉ ከፊልሙ ላይ ይላጣል። እዚያ ውስጥ ላብ ሲያጠምቀኝ የማመሰግነው አንድ ነገር ቢኖር የራጅ ፊልም ቀይ አለማየቱን ነው። ቀይ ብርሃን ስለማያበላሸው ቀይ አምፖል አብርቼ እጄን እያየሁ እሠራለሁ።

አንድ ቀን ልጆች እንዳነሳ ሆዳን ሰፈር ወዳለ ቤት ተጠራሁና ካሜራዬን በሚኒባስ ጭኜ ሄድኩ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ሳንኳኳ በመስኮቱ ብረት በኩል አንዲት የአገሬ ልጅ ብቅ አለች፤ የቤት ሠራተኛ ናት።

«እመቤቴ ልጆቹን ይዘው ወጥተዋል። ረስተውዎት ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺን ቆልፈውብሽ?»

«እኔማ ዕቃ ነኝ። ዕቃ ተቆልፎበት ነው የሚወጣው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ዓይኗ ካሜራው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ከዚህ የተመለሰች አንዲት ሴት ድሬዳዋ ያለችውን እናቴን ‹ልጅሽ ሞታለች› ብላ አርድታታለች። አንድ ቀን ገበያ ስወጣ የሰፈሬ ሰው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣሁም። ለቅሶ ልትቀመጥ ነው አሉ። ብታየኝ ታምን ነበር።»

«በይ ተዘጋጂ» አልኳት።

ደህና ነው የምትለውን ሻርፕ ከራሷ እስከ ወገቧ ተከናንባ መጣች። ደማቅ ቀይ ነበር፤ ደረቷ ላይ ገለጥ ብሎ ነጣ ያለ ቀሚሷ ይታያል። ካሜራዬን አስጠግቼ ሌንሱን በሁለት ብረቶች መሃል አስገባሁት።

«እስረኛ መስዬ እንዳልታይ።»

«ብረቱ አይታይም» አልኳት። የእናቷን ስምና ሰፈር ተቀብያት ተመለስኩ።

ቤቴ ገብቼ አጥቤ ሳትመው ክው አልኩ። ፊቷ ደህና ወጥቷል፤ ሻርፑ ግን ከል ነው። ፊልሙ ቀይ አያይማ! ሞተች የተባለችው ልጅ የራሷን ሐዘን ለብሳ ቆማለች። እናትየዋ ይህን ብታይ ልጄ አለች ትላለች ወይስ ማን ሞቶባት ነው ትላለች?

ዳግም ላነሳት ሄድኩ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ መጋረጃው ወርዷል። እመቤቲቱ ቤት ነበሩና አላንኳኳሁም።

ያለኝ ኔጋቲቩ ብቻ ነው። ኔጋቲቭ ላይ ሻርፑ ባዶ መስታወት ይመስላል፤ ብርሃኑ በዚያ እያለፈ ነው ወረቀቱን የሚያጠቁረው። ስለዚህ ቦታውን በእርሳስ መሸፈን ያዝኩ። የራጅ ፊልም በሁለቱም ገጹ ምስል የሚይዝ ልባስ አለውና ከፊት ቀባሁ፣ ገልብጬ ከኋላ ቀባሁ። ላቤ እንዳይንጠባጠብበት ግንባሬን በፎጣ አሰርኩ። በመጨረሻ ዳግም ሳትመው ሻርፑ ነጣ፤ አመድማ ነጭ ሆነ።

ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ድሬዳዋ ሲሄዱ ፎቶውን ይዘውልኝ እናትየዋ ዘንድ ደረሱ። ሲመለሱ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ሐጂ፣ አመነች?»

«አመነች ወላሂ! አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ፎቶውን ሳመችው። ከዚያ ፎቶው ላይ የልጇ ደረት ጋ ጣቷን አሳርፋ ‹ይህ ጥላ ምንድን ነው?› አለችኝ።»

ፎቶውን ሳነሳ ፀሐይ በጎን ነበረች። ብረቶቹን ከፊት ለፊት ብሸሽጋቸውም ጥላቸው ደረቷ ላይ ወድቆ ኖሯል። እኔ ከሻርፑ ጋር ስታገል አላየሁትም።

«ምን መለሱላት?»

«የመጋረጃ ጥለት ነው አልኳት። እሷም ‹ለቅሶውን ትቻለሁ። ሌላ ግን ላኩልኝ፤ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ› አለች።»

ሆዳን ሄድኩ። በሩ ላይ ያው ቁልፍ አለ፤ እሷም ያው መስኮት ላይ መጣች። የእናቷን ቃል ሳላጎድል ነገርኳት። ብረቱን ይዛ ወደ ግቢው በር ተመለከተች።

«ደጅ?» አለች። «እሺ። የወጣሁ ቀን መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ነው የምመጣው፣ ጋሼ።»

ለእሷ ብዬ አንድ ፊልም ከሌላው ለይቼ ካሜራዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። የባልባላ ሙቀት ሲያበላሸው አውጥቼ ሌላ እተካለሁ።