ልጅሽ ደህና ናት

ጁባ ውስጥ ሙኑኪ የሚባል ሰፈር ስኖር ጓደኛዬ ብዬ የምጠራው አንዲት ጎረቤቴን ብቻ ነበር። የደቡብ ሱዳን ልጅ ብትሆንም አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አይለይም። ባሏ ማላካል የምትባል ሌላ ከተማ ይሠራል። ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ስትሄድ ትንሿን ልጇን ለአማቷ ትታላቸው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ጁባ ኮሌራ ገባ።

በየቀኑ ትደውላለች።

«ልጄን አየሻት?»

«አሁን ከሥራ ስገባ። ዶሮ እያባረረች ነው።»

«ውሃውስ?»

«አማትሽ ሳያፈሉ ጠብታ አያስነኳትም።»

እውነቴን ነበር። አሮጊቷ እኔንም ጨምሮ ማንንም ግቢያቸው አያስገቡም። በሸምበቆው አጥር በኩል ስጣራ ልጅቷን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። አማርኛ አያውቁም፤ የእኔም ዓረብኛ ከገበያ አያልፍም።

«ኩዌስ?» እላለሁ።

«ኩዌስ» ይላሉ፣ ደህና ናት ለማለት።

የምሠራበት የግንባታ ድርጅት በበሽታው ምክንያት አብዛኛውን ሠራተኛ ወደየአገሩ ሸኝቶ ስለነበር፣ ከስልኩ ውጪ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ይህችን ቃል ብቻ ሆኖ የሚመሽበት ቀን ነበር።

አንድ ጠዋት እኔንም ተቅማጥና ትውከት ያጣድፈኝ ጀመር። እስከ ቀትር መቆም አቃተኝ። ከቤት አለመውጣቴን ያዩት አሮጊት ስኳርና ጨው የበጠበጡበትን ውሃ በጀሪካን አጥሩን አሻግረው አስቀመጡልኝ። እየዳህኩ ሄጄ አመጣሁት። ስጎነጭ ስልኩ ጮኸ።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«ኔትወርኩ ነው። ልጅሽ ደህና ናት። ስትዘፍን ይሰማኛል።»

«ተመስገን!» አለችና ዘጋች። እኔ ግን ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ቆየሁ።

ጓደኛዬ የተመለሰችው እኔም ከዳንኩ፣ ወረርሽኙም ጋብ ካለ በኋላ ነው። አማቷ መታመሜን ነግረዋት ልጇን እንዳዘለች ቤቴ መጣች።

«ምነው ደበቅሽኝ? ብትሞቺስ?»

«አልጠየቅሽኝማ!» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ባሏ ወዳለበት ጠቅልለው ሄዱ። በሚሄዱበት ቀን አሮጊቷ ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። ከአንድ ሁለት ቃል በቀር አልገባኝም። ትተርጉምልኝ ብዬ ጓደኛዬን ዞር ብዬ ባያት፣ መኪናው ላይ ፍራሽ እየጫነች ነበር። አሮጊቷን አቀፍኳቸው።