ሁለት ተጫዋች በአንድ ኮምፒውተር

ኤሊያስ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ነበረው። የተማረው ኮምፒውተር ጥገና ነው፤ እጁም አይታማም። ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ፣ ቫይረስ የበላው ማሽን ከአንጋጫ ድረስ በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣለታል። ያኔ፣ በ2001 ገደማ፣ የቤቱ ዋና ደንበኞች ግን ልጆቻቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወረዱባቸው እናቶች ነበሩ። ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ቻት ላይ የልጃቸው ስም እስኪበራ ይጠብቃሉ። ስሙ ከበራ ልጁ አለ ማለት ነው። ካልበራ ነገ ይመለሳሉ።

ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ የጓደኛው የብዙነህ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ መሃላቸው ኬብል ዘርግተው የስትራቴጂ ጌም ይጫወታሉ፤ መንደር መቆርቆር፣ እንጨት ማስቆረጥ፣ ወታደር ማሰልጠን፣ ከዚያ መዋጋት። ብዙነህ ግንብ ማጠር ይወዳል።

"ግንበኛ ሆነህ ቀረህ እኮ! መቼ ነው የምትዋጋው?" ይለዋል ኤሊያስ።

"ና ግባና ሞክረኛ!"

የመጨረሻውን ግጥሚያ ሳይጨርሱ ሴቭ አደረጉት። ብዙም ሳይቆይ ብዙነህ ኮምፒውተሩን ሸጦ እሱም የደቡብ አፍሪካን መንገድ ጀመረ።

ከማላዊ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ዝም። ዓመት ሊሞላው ሲል ከዚያው ተይዞ የተመለሰ አንድ የሌሞ ወረዳ ልጅ፣ በታሸገ መኪና ውስጥ አየር አጥተው ከሞቱት አንዱ ብዙነህ እንደሆነ ተናገረ። "በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሀብቴ ቅዳሜ ድንኳን ይተከል አሉ። እናቱ እማማ ዓለሚቱ ስንት ተለምነው በመጨረሻ እሺ አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ኤሊያስ ያቺን ጨዋታ ልጨርሳት ብሎ ተነሳ። ጓደኛውን የሚሰናበትበት ሌላ መንገድ አልታየውም። ችግሩ፣ በሁለት ሰው ተጀምሮ የተቀመጠ ጨዋታ ሁለቱም በየስማቸው ካልገቡ አይከፈትም፤ ያለው ደግሞ አንድ ማሽን ነው። ጌሙን በአንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ማስነሳት ግድ ሆነ። ሁለተኛው አልነሳም ብሎ አስቸገረው። ፎልደሩን ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ አስቀመጠ፤ ሁለቱም በትንንሽ መስኮት እንዲከፈቱ አደረገ፤ አንዱ ሌላውን እንዲያገኝ የዚያኑ ኮምፒውተር አድራሻ ሰጠው። ራሙ አነሰና ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። በግራው መስኮት የራሱን ስም ጻፈ፣ በቀኙ የጓደኛውን። የብዙነህ ስም በአረንጓዴ በራ።

እማማ ዓለሚቱ ከኋላው ቆመዋል። ለድንኳኑ የሚሆን የልጃቸውን ፎቶ ሊያስተልቁ ነበር የመጡት። ስሙ የተጻፈው በላቲን ፊደል ቢሆንም፣ ሀዲይኛ በዚያው ስለሚጻፍ ፊደሉን ከልጆቻቸው ለምደውታል።

"ኤሊያስ! ይሄ የብዙነህ ስም አይደለም?"

ደነገጠ። "ጌም ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"በራ እኮ! ጆበርግ ገባ ማለት ነው?"

"የትም አልገባም። ሁለቱም እኔ ነኝ።"

"አንተማ እዚህ ነህ። እኔ የምጠይቅህ እሱን ነው።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እናትህ መጣች በለው። በልተሃል ወይ በለው።"

ኤሊያስ ነገር የሚያስረዳው በማሳየት ነው፤ ያላመነውን ደንበኛ የተቃጠለውን ዕቃ ፈትቶ መዳፉ ላይ ያስቀምጥለታል። ማውዙን ወደ ቀኙ መስኮት ወስዶ የብዙነህን ወታደሮች ከግንቡ አስወጣ።

"ያዩታል? እኔ ነኝ የማንቀሳቅሳቸው።"

"ተንቀሳቀሰ! ልጄ አለ!"

ሌላ መላ ሲያጣ ቀኙን መስኮት ዘጋው። "ይኸው፣ ሰው ቢኖር እንዲህ ይዘጋል?"

በግራው መስኮት የብዙነህ ስም አመድ መሰለ፤ ከሥሩ ኤሊያስ ማሸነፉን የሚናገር ጽሑፍ ወጣ።

"የት ሄደ?" እማማ ዓለሚቱ ተነሱ። "ምን አልከው?"

"ምንም አላልኩትም! የለም እኮ፣ እማማ!"

"አሁን ነበረ። አንተ ነህ ያስወጣኸው።"

መልሶ ቢከፍት ስሙ መልሶ ይበራል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ። እማማ ዓለሚቱ ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ቅዳሜ እማማ ዓለሚቱ ድንኳን ተካዮቹን በራቸው ላይ አቆሟቸው። "ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት ነው? ሐሙስ ኤሊያስ ቤት ስሙ በርቶ ነበር!"

ጋሽ ሀብቴ ኤሊያስን አስጠርተው "ንገራቸው እንጂ፣ አንተ ሰው!" አሉት። በሰው ፊት ደግሞ ነገራቸው። ነገር ግን ከቆሙት ውስጥ የራሳቸው ልጆች መንገድ ላይ የቀሩባቸው ነበሩ፤ እነሱም ከእሱ ይልቅ እሳቸውን ማመን መረጡ። እናት እሺ ሳትል ለቅሶ አይቀመጡም። ሸራውና እንጨቱ ጋሪ ላይ ተመልሶ ተጫነ። ብዙነህ ሳይለቀስለት ቀረ። ኤሊያስ ጨዋታውን ከማሽኑ አጠፋው፤ ለማንም የፈየደው ነገር ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ እማማ ዓለሚቱ በገበያ ቀን በየኢንተርኔት ቤቱ ጎራ ይላሉ። ከሰዉ ኋላ ቆመው ስክሪኖቹን አንድ በአንድ ያያሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ኤሊያስ ደጃፍ ሲደርሱ መንገዱን ይሻገራሉ። እሱም አይጠራቸውም።