እንዝርትና ኩሽኔታ

ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። እናቴ «የዚህ ልጅ አፍ ከእግሩ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። በዕድሜዬ ዝም ያልኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እነሱንም ዝም በማይባልበት ቦታ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም፣ በንጉሡ ጊዜ፣ እንጅባራ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ወፍጮው ዳንግላ የሚኖር የአንድ ነጋዴ ነው። ፈጪውም፣ ጠጋኙም፣ ናፍጣ ቀጂውም እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት ብሎን ሳጥብ ከርሜ ስለመጣሁ ራሴን እንደ መሐንዲስ ነበር የምቆጥረው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ምን ይደረግ።

ሞተሩ አንድ ጥግ፣ የወፍጮው ድንጋይ ሌላው ጥግ ነው። በመካከላቸው ረጅም የብረት ዘንግ አለ። አንድ ችንጋ፣ ያው የጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ መጥቶ ዘንጉን ያዞራል፤ ሌላ ችንጋ ከዘንጉ ተነሥቶ ድንጋዩን ያዞራል። ዘንጉ የሚያርፈው ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ሲሆን፣ ኩሽኔታው ዘንጉን አጥብቆ እንዲይዝ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት ይቆለፍለታል። ትንሽ ነገር ናት፤ እሷ ከላላች ግን ወፍጮ የለም።

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ገና አልወጣ ብሎ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዘንጉ ሲያፏጭ ሰማሁና ሮጬ ሞተሩን አጠፋሁ። በሞተሩ በኩል ያለው ኩሽኔታ አልቆለታል፤ በውስጡ ያሉት ኳሶች እንደ ሽምብራ መሬት ላይ ተበትነዋል። ቀለበቱም ተበልቶ ዘንጉ ላይ ይንከላወሳል።

ወረፋ ከያዙት ሴቶች መካከል ከጥርባ በኩል የመጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ አርባ ቀን ሊሞላ ነው፤ ተዝካሩ እሑድ ነው። ቄሶቹ ተነግሯቸዋል፣ ዘመድ ከጥሊሊም ከዳንግላም ተጠርቷል፤ ጤፉ ግን ይኸው በሦስት አህያ ተጭኖ እኔ በር ላይ ቆሟል። ሐሙስ ካልተቦካ እሑድ እንጀራ የለም። በቤት ድንጋይ እንዳይፈጩት፣ ቤት ያለችው አንዲት ልጃቸው እጇ ታሞ ተጠቅልሏል። ሰው ሁሉ መጥቶ ባላቸው በባዶ ገበታ ሊዘከሩ ነው።

«ልጄ፣ ይደርስልኛል?» አሉኝ።

«ሐሙስ ጠዋት ካልፈጨሁልዎ ወንድ አይበሉኝ!»

በዚያው ቀን በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ ዳንግላ ወረድኩ። ነጋዴው ከመጋዘኑ አንድ ኩሽኔታ ከነቀለበቱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ያለው ይሄው ነው። ይሄን ካበላሸህ ሌላው ከሳምንት በፊት አይመጣም» አለኝ። በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ተመለስኩ።

ረቡዕን ሙሉ ሠራሁ። የተፋቀውን ዘንግ በሞረድ አለሰለስኩ፣ አዲሱን ኩሽኔታ እንጨት ደግፌ እየመታሁ አስገባሁ። ቀለበቱን ጋራዥ እንደተማርኩት ወደ ቀኝ አዙሬ ቆለፍኩና በመዶሻ ነካ ነካ አድርጌ ብሎኑን አጠበቅሁ። ሐሙስ ማለዳ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ደረቴን ነፍቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

ሁለት ቁና እንኳ ሳይፈጭ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። ቀለበቱ ላልቷል። አጠበቅሁት፤ ላላ። እንደገና በመዶሻ ደህና አድርጌ መታሁት፤ ላላ። በሦስተኛው ቀለበቱ ዘንጉን መላጥ ጀመረ። እንዲህ አንድ ሰዓት ከሄደ አዲሱም ኩሽኔታ ይከተላል። ሰይጣንን ጠራሁት፣ ሠሪውን ፈረንጅ ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

ሴትዮዋ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ሐዘን ላይ ሆነው መፍተላቸውን የሚያሙ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ግን «እጄ ሥራ ከፈታ ልቤ አይችለውም» ይሉ ነበር። እንዝርቷን እንደያዙ ተነሥተው ተጠጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ብረት እኮ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። እንዝርትም ወደ ኋላ ካዞሩት ያከረሩት ይፈታል።»

«እናቴ፣ እርስዎ እንዝርትዎን ይያዙ! ብረቱን ለኔ ይተዉት!»

ጥቁር የለበሰች ሐዘንተኛ ላይ ነው የጮህኩት። እሳቸው ተመልሰው ጥጣቸውን አነሡ። ክሩ ብጥስ አለባቸው። ያን ጊዜ አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም።

የምገባበት ሳጣ ሞተሩን አጠፋሁና ዘንጉ ቀስ እያለ ሲቆም ዓይኔን ተከልኩበት። ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ኧረ የኔ ጉድ! ሐምሌ ላይ እርጥበቱ ችንጋዎቹን እያንሸራተተ ሲያስቸግረኝ፣ ይጠብቃሉ ብዬ ሁለቱንም እንደ ስምንት ቁጥር አጣምሬያቸው ነበር። የተጣመረ ችንጋ ደግሞ አዟዟሩን ይገለብጣል። የመጀመሪያው ዘንጉን ወደ ግራ ገለበጠው፤ ሁለተኛው መልሶ ድንጋዩን ወደ ቀኝ ገለበጠው። ድንጋዩ እንደ ዱሮው ስለሚዞር ዱቄቱም እንደ ዱሮው ነው፤ ማን ይጠረጥራል? መሃል ያለው ዘንግ ግን፣ ቀለበት ዘንጉ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ካልተቆለፈ ስለሚላላ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ቀለበቱን ሲፈታ ከርሟል። አሮጌውን ኩሽኔታ የገደለው ዕድሜ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ቀለበቱን ፈታሁና ወደ ግራ አዙሬ ቆለፍኩት። ሞተሩን አስነሣሁ። አንድ ቁና፣ ሁለት ቁና፣ አንድ ጆንያ፤ ንቅንቅ የለም። ሴቶቹ ሁሉ ወረፋቸውን ለባልቴቷ ለቀቁላቸው። እሳቸው መውረጃው ሥር ቆመው ትኩሱን ዱቄት በመዳፋቸው ተቀበሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ሲገባኝ «ደረሰልዎ» ብቻ አልኩ።

እሑድ ተዝካሩ ላይ ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቷል፣ ገበታውም ሞልቷል። ቄሶቹ አሳርገው ሲቀመጡ ሴትዮዋ ብድግ ብለው በአዊኛ መናገር ጀመሩ። እኔ አዊኛ አልሰማም። ድንገት ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አለቀልኝ፣ ስድቤን ለአገር እየነገሩብኝ ነው ብዬ እግሬ ወደ በሩ አሰበ። አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «ምን አሉ?» አልኩት።

«ወፍጮው ተሰብሮ ይህ ልጅ ባያስተካክለው ባሌ ሳይዘከር ይቀር ነበር፤ እጁ ይባረክ፣ መርቁልኝ፣ ነው የሚሉት።»

መነሣት ነበረብኝ። መናገር ነበረብኝ። እኔ፣ ያ አፈኛ፣ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስተካከሉት። ለምን እንዲያ አሉ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እኔ እህሌን ፈጨሁ፣ ባሌን ዘከርኩ፤ በቃኝ። አንተ ግን ነገም ታስነሣዋለህ። ሰው ከናቀህ እህሉን አያመጣልህም» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አሁን ሂድ፣ ሳይዘንብብህ።»

ስለ ጩኸቴ አንዲት ነገር አላነሡም። ሰው አመነኝ፤ እዚያው ወፍጮ ቤት ዓመታት ቆየሁ፣ አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ። የበላሁት እንጀራ ሁሉ በዚያች ቃላቸው የተጋገረ ነው። የኩሽኔታ ቀለበት በቆለፍኩ ቁጥር መጀመሪያ ዘንጉ ወዴት እንደሚዞር አያለሁ፤ ሳይም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» እላለሁ። እሳቸው ግን የሉም፤ የራሳቸውንም ተዝካር እህል የፈጨሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዳስም ተመርቄ «አሜን» ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ዳሱ ውስጥ ቆሜ ልናገረው የሚገባኝ ይህ ነበር፦ ወፍጮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው።