በእግር የሚታይ ዓሣ

ጋሼ ኢስሀቅን የማያውቅ የካልጋሪ ቴምፕል ሰፈር ሐበሻ ካለ፣ ወይ አዲስ መጪ ነው ወይ ዓሣ አይወድም። ከቫንኩቨር መንገድ በተመለስን ቁጥር ከትራካችን ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ይወርዳል። ሣጥኑ ከወረደ በኋላ የሰፈሩ በር ሁሉ ይንኳኳል። "ያዙ፣ የባሕር ቂጣ ነው" ይሉና ምስጋናውን ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሱንዱስ ከደጃፍ ሆነው "ለቤቱስ ምን ተረፈ?" እያሉ ይጮኻሉ። "አብሽሪ" ይሏቸዋል ዞር ሳይሉ። ጋሼ ኢስሀቅ ለሁሉም ነገር መልሳቸው አብሽር ነው፤ በረዶ ለጣለበት መንገድም፣ ለተቃጠለ ድስትም፣ ለፖሊስም።

እኔ ነቢዩ እባላለሁ፤ የምኖረው እዚያው ካልጋሪ፣ ኤሪን ውድስ ሰፈር ነው። ከጋሼ ኢስሀቅ ጋር አንድ ትራክ ለሁለት እንነዳለን፤ አንዳችን መሪ ስንይዝ ሌላችን ከኋላ አልጋዋ ላይ እንተኛለን። ሰውን የሚያሳውቅ ትዳር ነው የሚል ካለ ከካልጋሪ እስከ ባሕሩ አብሮ ነድቶ አያውቅም። ማንኮራፋታቸውን አውቃለሁ። ሲናደዱ እንደሚያፏጩ አውቃለሁ። ስኳር እንዳለባቸውና ኪኒናቸውን በሻይ እንደሚውጡ አውቃለሁ፤ ሻዩ ውስጥ የሚጨምሩትን ስኳርም አውቃለሁ፣ እሱን ግን እትዬ ሱንዱስ እንዳይሰሙ።

ሥጋ ላይ ለየቅል ነን። እሳቸው የወሎ እስላም ናቸው፤ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ያደግኩት ደግሞ የእስላም ሥጋ በማይገባበት ቤት ነው። እሳቸውም ክርስቲያን ያረደውን አይነኩም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን እንደተጣሉ ባልና ሚስት በየራሳችን ምሳ ዕቃ ጀርባ ተሰጣጥተን ነበር የምንበላው። አንድ ቀን ከባሕሩ ዳር ሁለት ጠፍጣፋ ዓሣ ይዘው መጡና በትንሿ የኤሌክትሪክ መጥበሻችን ጠበሱት። "ና ብላ፤ ዓሣን የሚያርደው የለም፤ ያንተም የኔም ነው" አሉኝ። ያን ቀን ካንድ ሳህን በላን። አጎረሱኝም። እጃቸው ትልቅ ስለሆነ ሊያንቁኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣ የሌለበት መንገድ መንገድ አይመስለኝም።

የተወለዱት ወሎ ውስጥ ሐይቅ ዳር ነው። ልጅ ሆነው አምባዛ የሚፈልጉት በእግራቸው ነበር። አምባዛ ጭቃ ውስጥ ይተኛል፤ በዓይን አይታይም። በባዶ እግር ገብቶ፣ እግርን ሳያነሱ እየጎተቱ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። የሚያሙለጨልጭ ነገር ሲነካህ ዓሣው እዚያ ነው። የቫንኩቨሩን ጭቃማ የባሕር ዳር መጀመሪያ ያዩ ቀን፣ ጠፍጣፋው ዓሣ እንዲሁ ጭቃ ለብሶ እንደሚተኛ ሲነገራቸው ሳቁ አሉ። "ይሄማ የኔ አገር ዓሣ ነው፤ ጠፍጥፈውት እንጂ!"

አጠማመዳቸውም እንደዚያው ነው። ነጮቹ ረጅም ቦቲያቸውን አጥልቀው፣ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ መንጠቆ ወርውረው ይጠብቃሉ። ጋሼ ኢስሀቅ ግን መጀመሪያ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እየጎተቱ ይዞራሉ። ዓሣው በነካቸው ቁጥር ጭቃ አቡንኖ ያመልጣል፤ እሳቸው ቦታውን በልባቸው ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ ዘንጋቸውን አንስተው የሽሪምፕ ቁራጭ መንጠቆው ላይ ሰክተው ልክ እዚያ ሰፈር ይጥላሉ። "ዓሣ በእግር ነው የሚታየው" ይላሉ። ስለ ሐይቃቸው ማውራት ሲያበዙ "ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ ይኸው ውቅያኖስ ፊትዎ ተዘርግቶ!" እላቸዋለሁ። "አይቼዋለሁ፤ ጨው ነው" ይሉኛል።

እኔ ጭቃ እጠላለሁ። ግንድ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ፤ የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነው።

ባለፈው በጋ አንዳንድ ነገር አየሁ። ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰው ሲመለሱ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ አንደኛው ባዶ ነው። ጫማው በሩ ጋ ወድቆ ቀርቷል። "ጋሼ ኢስሀቅ፣ አንዱን ለሰደቃ ሰጡት እንዴ?" ብዬ ሳቅኩ። ዝቅ ብለው አዩና እሳቸውም ሳቁ። ሌላ ጊዜ ሲነዱ ዓይናቸውን ከመንገዱ አንስተው ወደ እግራቸው ሲያዩ ያዝኳቸው። "ምን ወደቀብዎ?" ስላቸው "አብሽር" አሉ። አንድ ቀን ደግሞ ኮኪሃላ የሚባለው የተራራ መንገድ ቁልቁለት ላይ ብሬኩ ድንገት ሲነክስ ከአልጋዬ ወረድኩ። "ሚዳቋ ገባች" አሉኝ። እውነት ሚዳቋ ትሆናለች ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

እግራቸውን ቀርቦ የሚያይባቸው አልነበረም። ለሰላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ መንገደኛ ስለሆኑ የቆዳ ካልሲያቸውን አያወልቁም። ለመንገደኛ ለተወሰኑ ቀናት ካልሲውን ከላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይፈቀዳል። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ መንገደኛ ነን።

መስከረም ማለቂያ ላይ ጭነታችንን ጠዋት አራገፍን፤ የመልሱ ሎድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መጋዘኑ ከባሕሩ ዳር በእግር ይደረሳል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው እስከ ሩቅ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ጋሼ ኢስሀቅ ጫማቸውን፣ ከዚያ ያቺን የቆዳ ካልሲ አውልቀው ግንዱ ላይ አኖሩና "ቢስሚላህ" ብለው ገቡ።

ቆዩ። ዞሩ፣ ተመለሱ፣ አንድም ቦታ ቆም ብለው ምልክት አልያዙም። ወትሮ "እዚች ጋ አንድ፣ እዚያ ጋ ሁለት" እያሉ ይጮኹልኝ ነበር። ሻይ ልሰጣቸው እስከ ጭቃው ጠርዝ ወረድኩ። ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ቆመው ሩቅ ያያሉ።

"ዛሬ ቂጣው የለም" አሉኝ። "ሰፈር ቀይሯል መሰለኝ።"

ያኔ አየሁት። ከቀኝ ተረከዛቸው ሥር አንድ ሰፊ ጭራ ይርገበገባል። ዓሣው ከተኛበት ረግጠውታል። ሊያመልጥ ይታገላል፣ ጭቃው ይቦንናል፣ ጀርባው ከእግራቸው መዳፍ ሥር ሲወራጭ ውሃው ይንቦጫረቃል። እሳቸው ሩቅ እያዩ ናቸው።

"ጋሼ ኢስሀቅ፣ የቆሙት እላዩ ላይ ነው!"

"ማን ላይ?"

"ዓሣው ላይ! እግርዎ ሥር ነው!"

ዝቅ ብለው አዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም። እግራቸውን ሲያነሱ ዓሣው ተስፈንጥሮ ሄደ። ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ ሳቁ ግን የሳቸው አልነበረም። "ውሃው በረዶ ነው፤ የማንን እግር አያደነዝዝም?"

እኔ ጭቃ የምጠላው ሰው ጫማዬን አወለቅኩ። ገባሁ። ውሃው ይቆረጥማል፣ እውነት ነው። ግን ጭቃው በጣቶቼ መሀል ሲሾልክ ተሰማኝ፤ የተሰበረ ዛጎል ወጋኝ፤ ትል ይሁን ቅጠል የማላውቀው ነገር ሲነካካኝ ዘገነነኝ። ሁሉም ተሰማኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸውም እያዩኝ ነበር። ወደ ግንዱ መውጣት ጀመሩ። በእያንዳንዱ እርምጃቸው ግራጫው ጭቃ ላይ ቀይ ይቀራል።

"እግርዎ ደምቷል።"

"የት?" አሉ።

ዛጎል የቀኝ እግራቸውን መዳፍ ሰንጥቆታል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ደሙን አይደለም የፈራሁት፤ ቀኝ እግር ነው። ብሬክ የሚረግጠው እግር ነው። ስኳራቸው፣ ነጠላ ጫማው፣ ወደ እግር ማየቱ፣ ያቺ ሚዳቋ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ከባሕሩ እስከ ካምሉፕስ ከተማ የሚነዱት ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ ኮኪሃላን ጨምሮ፤ ሁልጊዜም ተራቸው ነው። እኔ ከኋላ ተኝቼ ነው የማልፈው።

ትራኩ ጋ ስንደርስ መወጣጫው ላይ አስቀመጥኳቸውና ቁስሉን አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩት። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ።

"ቁልፉን ይስጡኝ።"

"ተራው የኔ ነው።"

"አውቃለሁ። ይስጡኝ።"

"አንተ ልጅ፣ የላይሰንስ ሜዲካል ምርመራዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ያኔ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አብሽር።"

"ቁልቁለቱ ሜዲካል ይጠብቃል? አርባ ቶን ከኋላዎ እየገፋ ብሬኩ የት እንዳለ ጎንበስ ብለው ሊፈልጉ ነው? መንገዱ ላይ ሕፃናት የጫነ ቫን ቢኖርስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?"

ማፏጨት ጀመሩ። ከዚያ ተዉትና ቀስ ብለው "ላይሰንሴን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ፣ ነቢዩ?" አሉ። "ሱንዱስ ጉልበቷ ሄዷል፤ ሰው የምትንከባከብበትን የኬር ሥራዋን ልታቆም ነው። ልጃችን ሩሚሳ ገና ስኩል ናት። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ? አንድ የማውቀው ነገር ይሄው ነው፤ መንዳትና ዓሣ።"

ልቤ ተሰበረ። ግን እጄን አላጠፍኩም።

እሳቸው ናቸው ፈተናውን ያመጡት። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መወጣጫው ላይ አኖሩ። "እንዲህ እናድርግ። ዛሬ ብርድ ነው ያደነዘዘኝ፤ አሁን ሞቆኛል። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ያልተጎዳውን እግሬን ንካው፤ ስትነካኝ 'አሁን' እልሃለሁ። ካወቅኩ እኔ እነዳለሁ፤ ካላወቅኩ ውሰደው። ወላሂ።"

"ወላሂ ብለዋል።"

"ብያለሁ። ፈትነኝ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግራ እግራቸውን ጭኔ ላይ አኖርኩና በጣቴ ነካሁ። ዝም። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ዝም። ፊታቸውን አየሁ፤ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው ረጋ ብለዋል። ቁልፉን ከመወጣጫው አነሳሁና በጫፉ የእግራቸውን መዳፍ ወጋሁት። ቆዳው እስኪጎደጉድ ተጫንኩ። "አሁን" እንዲሉኝ ለመንኩ፤ ማርያምን አልጠራ፣ ጴንጤ ነኝ፤ ጌታን ለመንኩ።

"ጀምር እንጂ፣ ነቢዩ!" አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። "ምን ትጠብቃለህ?"

ቁልፉን እንደተጫንኩ ቀረሁ። ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ ቁልፉን፣ ከዚያ እግራቸው ላይ የጎደጎደውን አዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትነካኝ?" አሉ።

"ዓይንዎን ከጨፈኑ ጀምሮ።"

ቁልፉን ከእጄ አልወሰዱም፤ መዳፌን በትልቁ እጃቸው አጠፉልኝና ከነቁልፉ ጨበጡት። "ለሱንዱስ ማንም አይንገርብኝ" አሉ። "እኔው እነግራታለሁ።" ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ዶክተራቸው ቢሮ ደወሉ። እንግሊዝኛቸው አይጎድልም፤ ያን ቀን ግን እግሬ አይሰማኝም የሚለውን ሁለቴ ሞክረው ነው የጨረሱት። ቀጠሮው ካልጋሪ በገባን ማግስት ሆነ።

ሎዱን ጫንን። ሥራ የሚያከፋፍለንን ዲስፓች "ዛሬ ሙሉውን እኔ እነዳለሁ፤ የተፈቀደልኝ የመንዳት ሰዓት ሲያልቅ እናድራለን" አልኩት፤ ተነጫነጨ፣ ይነጫነጭ። ጋሼ ኢስሀቅ አልጋዋ ላይ አልተኙም፤ አጠገቤ ተቀመጡ። የበረዶው ሣጥን ባዶውን ከኋላ ይንኳኳል። ቴምፕል ውስጥ የሚጠብቁት በሮች ትዝ አሉኝ፤ ምን እንደሚሏቸው አላውቅም።

ኮኪሃላን ወጥተን ወደ ወዲያኛው ቁልቁለት ስንገባ ጊሩን ቀነስኩ። ትሬለሩ ከኋላ መግፋት ጀመረ። ብሬኩን ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሜ ረገጥኩ። ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ጋሼ ኢስሀቅ ፊት ለፊት መንገዱን እያዩ ናቸው። በፋሻ የተጠቀለለው ቀኝ እግራቸው፣ ምንም ፔዳል የሌለበትን ወለል ይረግጣል፤ እኔ ስረግጥ ይረግጣል፣ ስለቅቅ ይነሳል፤ ፋሻው ቀልቷል።

"ጋሼ ኢስሀቅ፣ እግርዎ" አልኳቸው።

ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ "ምን ሆነ?" አሉ።