የደሳለው ድንች

ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው አገር፣ በጉና ተራራ ተዳፋት፣ ድንች የሚያውቅ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ትንሹም ትልቁም «ደሳለው» ይላችኋል። ውሸት ነው። ደሳለው ስለ ድንች የሚያውቀው ሲቀቀል መላጡን ነው። የምታውቀው ሚስቱ ለተሥላሴ ናት። ውሸቱን የፈጠረችውም፣ ኮትኩታ ያሳደገችውም እሷው ራሷ ናት፤ ነገሩን አስጠሊ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ለተሥላሴ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ከወንዱም ከሴቱም በልጣ አንደኛ ወጥታ ነበር። ያን ጊዜ ለልጃቸው ያጯት ሰዎች ወሬውን ሰምተው ሽማግሌ ላኩና «የኛ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረው፤ ባሏን ቁጭ አድርጋ የምታስተምር ምራት አንፈልግም» ብለው ነገሩን አፈረሱት። አባቷ አንድ ወር ሙሉ አኮረፏት። እናቷ ደግሞ የውጤት ካርዷን ከሳጥን ሥር ደብቀው «ምናለበት ሁለተኛ ብትወጪ ልጄ?» አሏት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የተማረችውን አብዛኛውን ረስታዋለች፤ የእናቷን ምክር ግን እንደ ዳዊት ደግማዋለች።

ኋላ ደሳለውን አገባች። ደሳለው ክፉ ሰው አይደለም፤ አይማታም፣ እየሰከረ አይገባም። ሀብቱ ምላሱ ነው። አፉን ከከፈተ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማዋል። ለተሥላሴም ይህን ምላስ ስታገኝ የምትደበቅበት ዋሻ ያገኘች መሰላት።

ድንቹን የጀመረችው ከስድስት ዓመት በፊት ሰላማዊት የምትባል የግብርና ባለሙያ ወደ ቀበሌው ስትመደብ ነው። ሰላማዊት አንድ ብትነግራት ለተሥላሴ ሦስት ጨምራ ትጠብቃታለች። ጠዋት ጠዋት ማሳውን እየዞረች የጠወለገውን ተክል ከነሥሩ ነቅላ ትቀብራለች። ከሁሉ በላይ ግን የሚበላውንና የዘሩን ማስቀመጫ ለይታለች። የሚበላው ድንች ጨለማ ክፍል ጭድ ለብሶ ይቀመጣል፤ ብርሃን ካየ አረንጓዴ ሆኖ ይመራልና። የዘሩ ነገር ተቃራኒው ነው። ከጓሮ፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ በሌለው የእንጨት ቆጥ ላይ፣ ብርሃንና አየር እንዲያገኝ ሳሳ አድርጋ ትደረድረዋለች። እንዲህ የከረመ ዘር አጭርና ወፍራም ጉንቁል ያወጣል፤ የተተከለ ቀን ሥር ይሰዳል።

ምርቷ ከጎረቤቱ እጥፍ ሆነ። ሰላማዊት ለሽልማት ልትመዘግባት ስትመጣ ለተሥላሴ «በሱ ስም ይሁን» አለች። ሰላማዊት ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም «የገዛ ጉልበትሽን ምን አድርጎሽ ነው የምትጠዪው?» ብላ ጠየቀቻት። ለተሥላሴ ግን የደሳለውን ስም አስመዘገበች። ያን ክረምት ወደ አንበሳሜ ተዛወረችና ሄደች፤ ከባልና ሚስቱ በቀር ነገሩን የሚያውቅ ሰውም አልቀረም።

በጥቅምት የወረዳ ሰዎች ሊሸልሙ መጡ። የዚያን ዕለት ጠዋት ደሳለው ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሲያበቃ ድንገት ፈራ። «ነይ አንቺ ውጪና ተናገሪ፤ እኔ ምኑን አውቀዋለሁ?» አላት።

ለተሥላሴ ለአፍታ ያህል ራሷን ከሕዝቡ ፊት ቆማ አየቻት። ደስ አላት፤ ደስ ማለቱ ነው ያስደነገጣት። ወዲያው የሴቶቹ ዓይን፣ የወንዶቹ ሽሙጥ መጣባት። ባሏን አስቀምጣ ወጣች ሊሉ ነው። የጋቢውን ጥለት አስተካከለችለትና «ሂድ፣ አንተ ትችላለህ» አለችው።

ቻለበት። ድምፅ ማጉያውን እንደ ጨበጠ ለሽልማቱ የተተከለውን ድንኳን በሳቅ ሞላው። ከዚያ ምስጢሩን ሲጠየቅ ሲገባ ሲወጣ የሚያየው ያ የሚበላው ድንች ጨለማ ክፍል ትዝ አለውና «ምስጢሩ ጭድ ነው» አለ። «ዘሩን ጨለማ ቤት አግቡት፣ ጭድ አልብሱት፣ ብርሃን እንዳያየው።» ተጨበጨበ። በሰላማዊት ቦታ የመጣው አዲሱ ባለሙያ ፎቶ በማንሳት ተጠምዷል፤ እንግዶቹ ምሳው ላይ ናቸው። ለተሥላሴ ወጥ ልታወጣ ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰው የሚያጨበጭበው የዓመት ዘሩን ለሚያበሰብስ ምክር ነበር።

ደሳለው ዋንጫና የውሃ መሳቢያ ሞተር ተሸለመ። ዋንጫውን ጠላ ይጠጣበት ጀመር። አርባ ያህል አባወራ ደግሞ ከማሳዋ የወጣውን ዘር በገብስ እየለወጠ ወሰደ።

ከወሰዱት አንዷ ጎረቤቷ ዓለሚቱ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ያለቻትን ቁራሽ መሬት በሙሉ ድንች ልትተክልበት ቆርጣለች። የድግሱ ዕቃ አጠባ ላይ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ «ለተሥላሴ፣ ዘሩን ደሳለው እንዳለው ጭድ ላልብሰው?» ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ቀና አሉ። ለተሥላሴ «እሱ እንዳለው አድርጊ» አለች።

ቆይቼ ለብቻዋ እነግራታለሁ ብላ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ቤቷ ድረስ ሄደች፤ የዓለሚቱን አማች የደሳለውን አዋቂነት ሲያወራ አገኘችውና ጨው ተበድራ ተመለሰች። ጨው ቤቷ ሞልቷል። ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ጾም ገባ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ዝም ማለት የሚወዱ ሰዎች። የሷን ዝምታ ግን አርባ ቤት ጭድ አልብሶ አስቀምጦት ነበር።

ጉዱ የታየው ከፋሲካ በኋላ፣ ሰው ሊተክል ጭዱን ሲገልጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው በስብሶ ውኃ ሆኗል። የተረፈውም ስንዝር የሚያህል ነጭ ልምሾ ጉንቁል አውጥቶ ገና ሲነኩት ይቀነጠሳል። ሽታው ከልብስ አይለቅም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። ዓለሚቱ በከረጢት ያመጣችውን ብስባሽ ደሳለው እግር ሥር ደፋችው። የአገሩ ሽማግሌ አያ ሞላ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው «በል እንጂ ደሳለው፤ በአንተ ቃል ነው ይህን ያደረግነው» አሉት።

ደሳለው አመድ መሰለ። ያ ምላስ ግን መውጫ አገኘ። «እኔ ምን አውቃለሁ? እሷ ስታደርግ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ዘሩን የምታኖረው እሷ ናት። ከመጀመሪያውም ድንቹ የሷ ነው» አለ።

ጉድ በሉ እንግዲህ። ዋንጫው ሲሰጥ በአደባባይ ያልተነገረው እውነት ብስባሹ ሲደፋ ተነገረ። ሰው ሁሉ ሴቶቹ ወዳሉበት ዞረ።

«እውነት ነው ለተሥላሴ? አንቺ ነሽ?» አሉ አያ ሞላ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ለምርቱ ስድስት ዓመት ከጉሮሮዋ አልወጣ ያለው ቃል ለብስባሹ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ይባስ ብሎ ቀለላት። ጥፋት ሲሆን ሰው አይን አይጥልበትም፤ ማንም ባሏን በለጠች አይላትም። የሚያቅለሸልሸው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የተጠራጠረ አለመኖሩ ነው። ድንቹ የሷ ከሆነ ዋንጫው ለምን የሱ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። አያ ሞላ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያሉት ለዚህ ነው» አሉ። ደሳለው ነፍሱ ተመለሰችለትና «በቃ ይቅር በሏት፤ ሴት ናት፣ ምን ታድርግ» እያለ ይለምንላት ጀመር። ለተሥላሴ አንገቷን ደፍታ ምልጃውን ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ ዓለሚቱ መጣች። ከደጅ አልተጣራችም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ለተሥላሴ ተከትላት ስትደርስ ቆጡ ፊት ቆማ አገኘቻት። ዘሩ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ አረንጓዴ ነው፣ ጉንቁሉ አጭርና ወፍራም ነው። አንድም የበሰበሰ የለበትም።

ዓለሚቱ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። ልትሳደብ የመጣች ሴት ድምፅዋ ዝግ አለ።

«እዚህ ማንም የለም፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለች። «ይህን እኔ ነኝ ያኖርኩት፣ አውቄ ነው በይኝ። እሱን ብቻ በይኝና ሌላውን ሁሉ እተውልሻለሁ።»

ለተሥላሴ አፏን ከፈተች። የሚፈለገው ጠዋት ያለችው ያው «እኔ ነኝ» ነበር። ልቧ እንደዚያ እንደ ሽልማቱ ቀን ደስ ብሎት ሊዘል ሲል ደነገጠችና ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

«ደሳለው ነው የደረደረው» አለች።

ዓለሚቱ ዘወር ብላ እትፍ አለች። «የኔ ባል ሞቷል» አለች፤ «እኔ የማውቀውን በማን ላላክክ?»

ነጠላዋን መሬት ላይ ዘርግታ ዘሩን ከቆጡ እያወረደች ታፍስ ጀመር። ለተሥላሴ አልከለከለቻትም፤ አላገዘቻትምም። ቆማ የምታስበው ደሳለው ሲመጣ ስለ ተወሰደው ዘር ምን እንደምትለው ነበር።