ሳይሞላ የማይሄደው ፈረስ

ቆቦ ጫፍ ላይ፣ ባጃጅ ሥራ ያስፈታቸውን የጋሪ ፈረሶች የምናስጠጋበት ግቢ አለን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። አንድ ቀን፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ዳማ የሚባለውን አሮጌ ፈረስ ውኃ አጠጥቼ ስመልሰው የድሮው የጋሪ ተራ ላይ ሲደርስ ቆመ። ብጎትተው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች። ሰው ሁሉ ያየኛል።

ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንደያዙ አጠገቡ መጥተው ቆሙ።

«አብሽሪ ልጄ፣ የጋሪ ፈረስ ሳይሞላ አይሄድም» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ጠርተው ከጎናቸው አቆሙ። ይሄኔ ዳማ ጆሮውን ቀሰረና መራመድ ጀመረ።

በሌለ ጋሪ ተሳፍረን፣ በማሽላው መሃል እንደ ሕልም ሄድን። ሴትዮዋ ሰፈራቸው ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አሉ፤ ቆመላቸው። ትንሽ ሄደን ሽማግሌውም እንዲሁ ወረዱ።

እኔና ዳማ ቀረን። የግቢያችንን በር አልፎ ወደ ጎረቤት ከተማው ወደ ሮቢት ሲያቀና ገመዱን ብስበው አልሰማኝም። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም።

«ወራጅ አለ» አልኩት በቀስታ።

ቆመልኝ። ገመዱን ለቅቄ በሩን ልከፍት ዞር ስል፣ ዳማ እኔን አድርሶ ወደ ተራው እየተመለሰ ነበር።