የኣቦይ ኣስመላሽ ማደሪያዎች

ኣቦይ ኣስመላሽ ኣስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ውስጥ ከቆርቆሮ ፋኖስና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በሌላ ሥራቸው ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከረን ወርደው ማርያም ዳዕሪትን የሚሳለሙትን እግረኞች የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ከረን እንዴት እንደሚኬድ ማንም ያውቃል፤ አስፋልቱን ይዞ መውረድ ነው። እሳቸው የሚያውቁት የሚታደርበትን ቦታ ነበር።

ሦስት ጊዜ አብሬያቸው ስለሄድኩ ሲመርጡ አይቻለሁ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከሰው ቀድመው ይሄዳሉ። የወንዝ አሸዋ ምንም ቢለሰልስ አያስተኙበትም። ቁጥቋጦው ላይ ተሰክቶ የቀረውን ገለባ እያሳዩ «ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር፤ ተመልሶ ሲመጣ ማንንም አያስፈቅድም» ይላሉ። ፍየሎች የተኙበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይቆማሉ፤ ፍየል ነፋስና እርጥበት አትወድም። ድንጋዩን ገልብጠው ጊንጥ እንደሌለ ያያሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቅርብ ያለው ቤት ሄደው «የማርያም እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ሳይሉ ማንም ጓዙን አያወርድም። ደግሞ አንድ ጊዜ ያደሩበትን ደጅ በሚቀጥለው ዓመት አይዘሉም። ያሳደረን ሰው ማለፍ ለእሳቸው ነውር ነበር።

ሁለተኛው ማደሪያችን ከዓዲ ተከለዛን ወዲያ ነው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ የአንድ ሰዓት ዳገት ከተወጣ በኋላ የሚገኝ አውድማ። የአውድማው ባለቤት ኣደይ ትብለጽ መበለት ናቸው። ልጃቸው ታሞ ሲድንላቸው ለማርያም የተሳሉት በእግር የሚመጡ እንግዶቿን በየዓመቱ ውሃ ሊያጠጡ ነው። ምንጩ ሩቅ ስለሆነ ሰባቱን እንስራ ለመሙላት ሁለት ቀን ይመላለሳሉ። እኛ ካልጠጣንላቸው ስለታቸው አይደርስም። ስለዚህ ኣቦይ ኣስመላሽ በየዓመቱ ሲሰናበቷቸው «ዓመት ያድርሰን፤ እንመጣለን» ይሏቸዋል።

በ1960 ዓመተ ምሕረት አሥራ ስድስት ሆነን ሄድን። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ክር ፋብሪካ የገባሁ ሰው ነኝ። ከትምህርት የቀረኝ ነገር ቢኖር አማርኛ ነበር፤ ያንንም ፋብሪካው ውስጥ ከአለቆች ጋር አሻሽዬው ስለነበር እኮራበት ነበር። ከእኔ በቀር ከመካከላችን አማርኛ የሚሰማ አልነበረም፤ ኣቦይ ኣስመላሽም አያውቁም።

በሁለተኛው ቀን፣ ዳገቱ ሥር ስንደርስ፣ መንገድ ዳር ካለ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ፖሊስ አስቆመን።

«እናንተ፣ ወዴት ናችሁ?»

«ለማርያም፣ ከረን» አልኩት።

ፊቱ ፈታ አለ። «ተመስገን፣ አማርኛ የምትችል ሰው አገኘሁ! ታዲያ ምን ያንከራትታችኋል? ከፈለጋችሁ እዚሁ ግቢው ውስጥ እደሩ። ቧንቧ አለ፣ አጥር አለ።»

ኣቦይ ኣስመላሽ ነጠላዬን ሳብ አደረጉ። «ጓለይ፣ ምን ይላል ልጄ?»

«የት ነው የምታድሩት ይላል።»

«ላይ የሚጠብቁን ሰው አሉ በይው። ውሃ ቀድተው ነው ያሉት። ሳይመሽ እንደርሳለን በይው።»

ጎረቤቴ ኣዜብ መሬት ላይ ተዘርግታ ነበር። «እኔ እንኳ አልደርስም» አለች። «እግሬ ገና ዓዲ ተከለዛን ነው። ሲመጣ ላኩልኝ።» ሴቶቹ ሳቁ። የእኔም ተረከዝ ተልጦ ጫማዬ በደም ርሶ ነበር። ዳገቱን ቀና ብዬ አየሁት።

ወደ ፖሊሱ ዞርኩ። «እዚህ ብናድር ደስ ይለናል።»

«ሽማግሌው ምን አሉ?»

«እግዜር ይስጥልን ነው ያሉት።»

ከዚያ ለኣቦይ ኣስመላሽ «ወደ ላይ መውጣት ክልክል ነው ይላል» አልኳቸው።

ዳገቱን አዩ፤ የሰውየውን ጠመንጃ አዩ። «እወ» አሉ፣ እሺ ለማለት። ያን ምሽት ቧንቧው ጋ ተጋፍተን እግራችንን ታጠብን፤ እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ተቀመጡ፣ ውሃም አልጠጡም።

ሲነጋ፣ ፖሊሱ ሳያያቸው፣ ብቻቸውን ዳገቱን ወጡ። የተመለሱት ፀሐዩ ከጠነከረ በኋላ ነው።

«ኣደይ ትብለጽ እንዴት ናቸው?» አለቻቸው ኣዜብ።

«መንገዱ እንዳይጠፋብን ብለው ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሲያነዱ አድረዋል። 'በምን አስቀየምኳችሁ?' አሉኝ። ፖሊስ ከለከለን አልኳቸው። 'ከከለከላችሁ ታዲያ አንተ ዛሬ እንዴት መጣህ?' አሉኝ።» ጓዛቸውን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ብቻዬን ሰባት እንስራ ልጠጣላቸው?»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ኣቦይ ኣስመላሽ አልመራም አሉ። «በየትኛው ፊቴ ኣደይ ትብለጽ ደጅ እቆማለሁ?» ነው ምክንያታቸው። ሌላ የሚመራ ሰው ስላልነበረ ሁሉም በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ነው፤ ማደሪያ የሚፈልግ የለም። እሳቸው በአውቶቡስም አልሄዱም። በበዓሉ ቀን በራፋቸውን ዘግተው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ይሰማ ነበር።

ነገሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበደኝ። በመጨረሻ ልናዘዝ ብዬ ሱቃቸው ሄድኩ። ሣጥን አቅርበው አስቀመጡኝ።

«ያን ጊዜ፣ ያ ፖሊስ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው፣ ጓለይ። አንቺ ባትኖሪ ማን ያናግርልን ነበር? እኔ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር በምን አፌ እነጋገራለሁ? እስከ ዛሬ የቐንየለይ አላልኩሽም።»

አመሰገኑኝ።

«ምንም አይደል፣ ኣቦይ» አልኩ። አንድ ማንቆርቆሪያ ገዝቼ ወጣሁ። መስቀል ሳይደርስ አረፉ።

ይቅርታ የምጠይቃቸው ኣደይ ትብለጽ ብቻ ቀሩ። በተከታዩ ግንቦት በአውቶቡስ ተሳፍሬ ትምህርት ቤቱ ጋ ወረድኩ። ከአስፋልቱ ወደ ላይ ሦስት የእግር መንገድ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ወጥቼ አንድ ቀን እንኳ የትኛውን እንደምንይዝ ልብ አላልኩም፤ የማየው ከፊቴ ያለውን ሰው ጀርባ ነበር። የመጀመሪያው ጥቂት እንደሄድኩበት ገደል ላይ አበቃ። ሁለተኛው ወደ ወንዝ መለሰኝ። የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ጥላው ሲረዝም ሦስተኛውን ሳልሞክር ወደ አስፋልቱ ወረድኩ፤ ወደ ኣስመራ የሚመለሰው አውቶቡስ ሲመጣ እጄን አነሳሁ።